የቢራ ዓይነቶችን ለይቶ ስለማወቅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የቢራ ዓይነቶች እንዴት ተለይተው ይታወቃሉ?» የሚል ነው። ርእሱ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከቁም ነገር ይልቅ ለጨዋታ የሚስማማ ይመስላል። ቢራ ሁሉ ቢራ ነው፤ ልዩነቱ በጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው የሚል ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በአገራችን እንዲህ ያለው አስተያየት ሥር መስደዱ አያስገርምም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 ከተቋቋመ ወዲህ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በየጊዜው የተከፈቱት ፋብሪካዎች የሚያወጡት ቢራ በአመዛኙ አንድ ዓይነት፣ ማለትም ፈካ ያለ ላገር ነው። ስለዚህ ጠጪው ቢራ አማረጥኩ ሲል የሚያማርጠው የአንድ እናት ልጆችን ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ያልቀመሱት ጣዕምም አይፈለግም።

የሆነ ሆኖ በእኛ ሙያ ላለ ሰው ጉዳዩ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። በጠመቃ፣ በመጠጥ ምርመራ፣ በሆቴል አገልግሎትና በማስተማር ሥራ ላይ የተሰማራን ሁሉ በየቀኑ እንፈርዳለን። «ይህ ጥሩ ነው፤ ይህ ተበላሽቷል፤ ይህ ይመለስ» እንላለን። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የመጠጡ ዓይነት ሳይታወቅ በመጠጡ ጉድለት ላይ ፍርድ መስጠት እንደማይቻል ነው።

አንድ ምሳሌ እነሆ። በቢራ ውስጥ የበሰለ ሙዝ ሽታ የሚያመጣው ኢሶአሚል አሴቴት የተባለው ውሕድ ነው። ይህ ሽታ በፒልስነር ቢራ ላይ ጎልቶ ከተገኘ እርሾው ከሚገባው በላይ በሞቀ ስፍራ እንደሠራ ወይም እንደተጨነቀ ያመለክታልና ቀማሹ ቢራውን ቢጥለው ትክክል ነው። በባቫሪያው የስንዴ ቢራ ላይ ግን ይኸው ሽታ ከቅርንፉድ ሽታ ጋር ተደባልቆ ሲገኝ የጠማቂው ሙያ ምስክር ነው፤ ቢጠፋ ነው ጉድለት የሚባለው። ውሕዱ አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ሁለት ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው የዓይነት ዕውቀት ነው።

፩. የዓይነቶቹ ስም እንዴት እንደተረፈ

«ክራፍት ቢራ» የሚባለው በአነስተኛና ራሳቸውን በቻሉ ጠማቂዎች የሚዘጋጅ ቢራ ነው። ይህ እንቅስቃሴ የተነሣው ብዙዎቹ የቢራ ዓይነቶች በመጥፋት ላይ በነበሩበት ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዙ አገሮች ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ትንንሾቹን እየጠቀለሉ ሲሄዱ፣ ፈካ ያለ፣ በጣም የቀዘቀዘና ብዙም የማይመር ላገር ገበያውን ያዘው። በዚህ ላይ የተነሡት ሰዎች በየአገሩ ልዩ ልዩ ናቸው። በቤልጅግ ሑጋርደን በተባለች ከተማ የስንዴው ነጭ ቢራ ጠመቃ ጨርሶ ከቆመ በኋላ፣ ፒየር ሴሊስ የተባለ ሰው በ1960ዎቹ አጋማሽ እንደገና አስነሣው። በሳን ፍራንሲስኮ ፍሪትዝ ሜይታግ በ1965 ሊዘጋ የደረሰውን የአንከር ቢራ ፋብሪካ ድርሻ ገዝቶ አዳነው። በእንግሊዝ አገር በ1971 ጠጪዎች ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው ስለ ባህላዊው ኤል መከራከር ጀመሩ። በአሜሪካም በ1978 በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን የሚፈቅድ የፌዴራል ሕግ ሲወጣ፣ ብዙ የኋላ ጠማቂዎች ሙያቸውን በየማድ ቤታቸው ለመማር ቻሉ።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ርእስ ይበልጥ የሚጠቅመው በ1977 የሆነው ነው። ማይክል ጃክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በዚያ ዓመት ባሳተመው የዓለም ቢራ መመሪያ ቢራን በዓይነት በዓይነቱ መድቦ፣ የእያንዳንዱን ጠባይ በተራ ሰው ቋንቋ ገለጸ። በ1985 በአሜሪካ የተጀመረው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራምም ይህን ዓይነቱን አመዳደብ አስፍቶ ለውድድር ዳኞች የሚያገለግል መመሪያ አደረገው። ስም የሌለው ነገር ሲጠፋ አስታዋሽ የለውም፤ ስምና መግለጫ የተሰጠው ግን ቢጠፋ እንኳ ተመልሶ ሊጠመቅ ይችላል።

፪. ቀለም አሳሳች ምስክር ነው

አብዛኛው ጠጪ ቢራን የሚለየው በዓይኑ ነው፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር ይላል። ቀጥሎም ጥቁሩ ከባድና ኃይለኛ፣ ነጩ ቀላል እንደሆነ ያምናል። ሁለቱም እምነት ስሕተት ነው።

ቀለም በዋናው የሚመጣው ከእህሉ አቆላል ነው። ዳንኤል ዊለር የተባለ እንግሊዛዊ በ1817 ብቅልን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ አጥቁሮ ለመቁላት የሚያስችለውን ዘዴ ካስመዘገበ ወዲህ፣ ጠማቂው አብዛኛውን እህል ፈዛዛ ብቅል አድርጎ በጥቂት ጥቁር ብቅል ብቻ ቢራውን ማጥቆር ቻለ። ስለዚህ ጥቁረት የሚነግረን ጥቂት የከሰለ እህል መግባቱን እንጂ የአልኮሉን መጠን አይደለም። ከበርሜል የሚቀዳው የአየርላንዱ ጊነስ ስታውት እንደ ቡና ጠቁሮ ሳለ አልኮሉ ከመቶ 4.2 ገደማ ነው። በአንጻሩ ዱቬል የተባለው የቤልጅግ ቢራ እንደ ወርቅ እየፈካ አልኮሉ ከመቶ 8.5 ነው። ስታውቱ ከባድ የሚመስለን በናይትሮጅን ጋዝ ስለሚቀዳ አረፋው እንደ ቅባት ለስልሶ አፍ ስለሚሞላ ነው።

ቀለም ዘመድንም ከባዕድ አይለይም። የጀርመኑ ሽቫርትስቢር ጥቁር ነው፤ ነገር ግን ከስታውት ይልቅ የፒልስነር ዘመድ ነው። የኮሎኝ ከተማ ቢራ ኬልሽ ፒልስነር እስኪመስል ድረስ ፈካ ያለ ነው፤ የተሠራበት እርሾ ግን የኤል እርሾ ነው። ስለዚህ ከቀለም ወደ እርሾ ማለፍ ግድ ነው።

፫. የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እርሾ ነው

ቢራ በጠቅላላው በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል። አንደኛው ኤል ነው። እርሾው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የተባለው፣ ዳቦ የሚነፋውም ወገን ሲሆን፣ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት በቶሎ ይሠራል፤ በሥራው ጊዜም ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በሙቀቱ ምክንያት ፍሬ ፍሬ የሚሸቱ ውሕዶችን ያወጣል፤ ጠጪው ፖም፣ ሙዝ፣ ዘቢብ ሸተተኝ የሚለው በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ላገር ነው። እርሾው ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ይሠራና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከዚያም ቢራው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት ይከርማል። «ላገር» ማለት በጀርመንኛ ማከማቸት ማለት ነው። በቅዝቃዜውና በመክረሙ ምክንያት የፍሬው ሽታ ይቀንሳል፤ የቀረው ንጹሕ የብቅልና የሆፕስ ጣዕም ነው። ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ በ1883 ይህን እርሾ ከሌሎች ለይቶ በንጹሕ አሳደገው። እርሾው የሁለት ዘሮች ድቅል ሲሆን፣ አንደኛው ወላጁ የዳቦው እርሾ ነው። ሁለተኛው ግን የታወቀው በ2011 ነው፤ በደቡብ አሜሪካ በፓታጎንያ ደን ዛፎች ላይ የሚኖር፣ ብርድን የሚቋቋም የዱር እርሾ መሆኑ ተገለጠ።

እንግዲህ ቀማሽ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው ሲያቀርብ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «የፍሬ ሽታ አለውን፣ የለውምን?» ብሎ ነው። ካለው ወደ ኤል፣ ከሌለው ወደ ላገር ያዘነብላል። ይህ ጥያቄ ብቻውን ከግማሽ በላይ መንገድ ይወስዳል። ኬልሽን የመሰሉ፣ በኤል እርሾ ተሠርተው እንደ ላገር በብርድ የሚከርሙ ቢራዎች ግን በድንበሩ ላይ የቆሙ ናቸውና ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

፬. ብቅል፣ ሆፕስና ውሃ

ከእርሾው ቀጥሎ የሚጠየቀው የሚገዛው ጣዕም የብቅሉ ነው ወይስ የሆፕሱ የሚለው ነው።

ብቅሉ በገነነበት ቢራ ዳቦ፣ ብስኩት፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ቸኮላታ ወይም የተቆላ ቡና እናገኛለን። የሙኒኩ ደማቅ ላገርና ጠንካራው ቦክ የዳቦ ቅርፊት ጣዕም አላቸው። ፖርተርና ስታውት ደግሞ የተቆላ እህል ወገን ናቸው። ፖርተር በ18ኛው መቶ ዓመት የለንደን ሠራተኞች መጠጥ ነበር፤ «ስታውት» የሚለው ቃልም መጀመሪያ ጠንካራ ለሆነው ፖርተር የተሰጠ ቅጽል ነው። ዛሬ በተለምዶ ፖርተር ወደ ቸኮላታና ወደ ካራሜላ ሲያደላ፣ የአየርላንዱ ስታውት ሳይበቅል በተቆላ ገብስ ምክንያት እንደ ቡና ደረቅና መራራ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የስምምነት እንጂ የተፈጥሮ አይደለምና፣ ስለ እርሱ ብዙ የሚከራከር ሰው ጊዜውን ያባክናል።

ሆፕስ ለቢራ ያለው አገልግሎት ጌሾ ለጠላ እንዳለው ነው፤ ሁለቱ ተክሎች ግን በዘር አይዛመዱም። ሆፕስ መጀመሪያ ላይ ተጨምሮ ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲፈላ መራራነትን ይሰጣል፤ በመጨረሻ ወይም ከፈላ በኋላ ሲጨመር ግን ሽታውን ይተዋል። መራራነቱ ዓለም አቀፍ የመራራነት መለኪያ በሚባለው ቁጥር ይለካል። በዳኞቹ መመሪያ የባቫሪያው የስንዴ ቢራ ከ8 እስከ 15፣ የአሜሪካው ኢንዲያ ፔል ኤል ግን ከ40 እስከ 70 ነው።

ኢንዲያ ፔል ኤል በ18ኛው መቶ ዓመት ማለቂያና በ19ኛው መጀመሪያ ከእንግሊዝ ወደ ህንድ በመርከብ ይላክ ከነበረው ሆፕስ የበዛበት ቢራ የተወለደ ነው። የእንግሊዙ ዛሬም የሣርና የአፈር ሽታ ያለው፣ ብቅሉም የሚታወቅ ነው። የአሜሪካው ግን ካስኬድ የተባለው የሆፕስ ዘር በ1972 ለገበሬ ከተለቀቀ በኋላ ሌላ መንገድ ያዘ፤ የብርቱካን ልጣጭና የዛፍ ሙጫ የሚሸት ሆነ። ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ የለንደኑን የለመደ ሰው የካሊፎርኒያውን ቢቀምስ «ሽቶ ተጨምሮበታል» ቢል አይፈረድበትም፤ ዓይነቱ አልተነገረውምና።

የውሃም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ዮሴፍ ግሮል የተባለው ባቫሪያዊ ጠማቂ በ1842 በቦሔሚያ በፒልሰን ከተማ ወርቃማውን ላገር የጠመቀው ማዕድን በማይበዛበት ለስላሳ ውሃ ነው። የእንግሊዟ በርተን ከተማ ውሃ ደግሞ ጂፕሰም የበዛበት በመሆኑ የሆፕሱን መራራነት ያደርቀዋል፣ ያጠራዋል። በዚህ ምክንያት በበርተን የተጠመቀው ፔል ኤል ስመ ጥር ሆነ። ሁለቱ ከተሞች ያገኙት ዝና የሠሪዎቹ ብቻ ሳይሆን የጕድጓዶቻቸውም ነው።

፭. ኮምጣጣነት መቼ ጥፋት ይሆናል?

በምርመራ ሥራችን «ኮምጥጧል» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ፍርድ ነው። ለፒልስነርም ትክክለኛ ፍርድ ነው። በብራስልስ አካባቢ ግን በክረምት የፈላውን የብቅል ጭማቂ ሌሊቱን በሰፊ ክፍት ገበታ ላይ አስጥተው፣ ከአየርና ከቤቱ የሚመጣው የዱር እርሾና ባክቴሪያ እንዲያብላላው የሚተዉ ጠማቂዎች አሉ። ቢራው ላምቢክ ይባላል። በእንጨት በርሜል ከ1 እስከ 3 ዓመት ይከርማል፤ የተለያየ ዕድሜ ያለው ተቀላቅሎ በጠርሙስ ውስጥ እንደገና ሲፈላ ደግሞ ጉዝ ይባላል። ጣዕሙ ኮምጣጣና ደረቅ፣ ሽታውም የፈረስ ጋጣ የሚያስታውስ ነው። ይህን ሽታ የሚያመጣውን ብሬታኖማይሲስ የተባለ እርሾ ዴንማርካዊው ክላውሰን በ1904 ገልጾታል። ይህ እርሾ በላገር ፋብሪካ ቢገኝ ደወል የሚያስደውል ነው፤ በላምቢክ ቤት ግን የቤቱ ባለቤት ነው።

ይህን ስል ግን ማንኛውም ጥፋት በዓይነት ስም ይቅር ይባል ማለቴ አይደለም። ጥሩ ጉዝ ኮምጣጣነቱ እንደ ሎሚ ጥርት ያለ ነው፤ አየር ገብቶበት ወደ ሆምጣጤ ያደላ ከሆነ ግን እርሱም በገዛ ሕጉ ተፈርዶበታል። አንዳንድ አዲስ ጠማቂ ያልጠራለትን ቢራ «የኒው ኢንግላንድ ዓይነት ነው፤ ድፍርስነቱ የታሰበበት ነው» እያለ ሊሸጥ ይሞክራል። ዓይነቱን የሚያውቅ ቀማሽ ግን በአጃና በስንዴ ምክንያት ለስልሶ የደፈረሰውንና እርሾው ሳይዘቅጥ የተቀዳውን ይለያል። እንግዲህ የዓይነት ዕውቀት ንጹሑን ነፃ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ሰበብ የሚፈልገውንም ሰበብ ያሳጣዋል።

፮. የአቀማመስ ሥርዓት

በሥራ ላይ እንዲጠቅም ሥርዓቱን በአጭሩ ላቅርብ።

በመጀመሪያ ብርጭቆው ንጹሕና ከቅባት የጸዳ ይሁን፤ ቅባት አረፋን ይገድላል። የመጠጡም ሙቀት ለዓይነቱ የተስማማ ይሁን፤ ለፈዛዛ ላገር ከ4 እስከ 7፣ ለስታውትና ለእንግሊዝ ኤል ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። በረዶ የሆነ ቢራ ጥፋቱንም ልማቱንም ይደብቃል።

በሁለተኛ ደረጃ ብዙ ዓይነት የሚቀመስ ከሆነ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ መራራነቱ ካነሰው ወደ በዛው ይሄዳል። በመካከሉ ውሃና ጨው ያልበዛበት ዳቦ ይቀርባል።

በሦስተኛ ደረጃ ሽታ ከመቅመስ ይቀድማል፤ ሽታ ቶሎ የሚበርር ስለሆነ በተቀዳ ጊዜ ወዲያው ይሽተት። ከዚያ ጥያቄዎቹ በተራ ይጠየቁ፤ የፍሬ ሽታ አለውን? የሚገዛው ብቅል ነው ወይስ ሆፕስ? የተቆላ፣ የጢስ ወይም የቅመም ጣዕም አለውን? በአፍ ውስጥ ይወፍራል ወይስ ይቀጥናል? ከዋጡት በኋላ የሚቀረው ጣፋጭ ነው፣ መራራ ነው፣ ወይስ ኮምጣጣ? ቀለም የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ቀማሽ ከጎረቤቱ ጋር ሳይነጋገር ይጻፍ። አንድ ታላቅ ሰው አስቀድሞ «ሙዝ ሙዝ ይላል» ካለ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሙዝ እንደሚሸታቸው እናንተም የምታውቁት ነው።

፯. ወደ ጋኖቻችን ስንመለስ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሰው አገር ቢራ ነው። ይሁንና የያዝነው ሚዛን በቤታችን ላለው መጠጥ እንዴት እንደሚሠራ ሳናይ ብንለያይ ሥራው ግማሽ ይሆናል።

በፒልስነር መመዘኛ የሠለጠነ አንድ መርማሪ ጉሽ ጠላ ቀርቦለት እንደሆነ እናስብ። በጽሑፉ ላይ ድፍርስ ነው፣ ጢስ ጢስ ይሸታል፣ ይጎመዝዛል፣ አረፋው ትንሽ ነው ብሎ አራት ጥፋት ይመዘግባል። አራቱም እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ሐሰት ነው። ድፍርስነቱ ጉሽ በመሆኑ ነው። ጢሱ ጋኑ በወይራ ከመታጠኑና ከተቆላው አሻሮ የመጣ ነው፤ የጀርመኗ ባምበርግ ከተማ በጢስ በደረቀ ብቅል የምትጠምቀውን ቢራ በዚሁ በጢሱ ታኮራበታለች። መጎምዘዙ ከእርሾው ጋር አብረው ከሚሠሩት ባክቴሪያዎች ነው። ጠማቂዋም ብትሆን ዝም ብላ አልጠመቀችም፤ ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ ጥንስሱን ከድፍድፉ ለይታ በየጊዜው ደርባ፣ አየር እንዳይገባ አፉን መርጋለች። ጠላው ሲሆመጥጥ ከማንም በፊት የምታውቀው እርሷ ናት፤ ምክንያቱም የዓይነቱን ሕግ ታውቃለች።

ስሞቹም ሞልተውልናል። ጉሽ፣ ፊልተር፣ ቅራሪ የምንለው የአንዱ ጠላ ልዩ ልዩ ደረጃ ነው፤ ቅራሪ እንግሊዞች ከአንዱ ብቅል ደግመው ይቀዱት ከነበረው ቀላል ቢራ ጋር የሚነጻጸር ነው። በጎንደር በኩል ኮረፌ አለ። በደቡብ ጌሾ የማይገባባቸው፣ ከመጠጥነት ይልቅ ለምግብነት የሚቀርቡት ቦርዴና ሻሜታ አሉ። የጎደለን ስም አይደለም። የጎደለን እያንዳንዱ ስም ምን ዓይነት እህል፣ ምን ያህል ጌሾ፣ ስንት ቀን፣ ምን ዓይነት ሽታና ጣዕም እንደሚያመለክት በጽሑፍ የሰፈረ፣ ቀማሽ ሁሉ የሚስማማበት መግለጫ ነው። ያ መግለጫ እስካልተጻፈ ድረስ ወጣቱ ባለሙያ በእጁ የሚያገኘው መለኪያ የፒልስነሩ ብቻ ይሆናል፤ በእርሱም ሲለካ የእናቱ ጠላ ሁልጊዜ ይወድቃል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። እያንዳንዳችን በምንሠራበት አካባቢ የሚጠመቀውን አንድ መጠጥ መርጠን፣ ሙያው ካላቸው እናቶች ጋር ተቀምጠን፣ ቀደም ብዬ በዘረዘርኳቸው ጥያቄዎች መሠረት መግለጫውን በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ እንጻፍ። ጠማቂዎቹ ራሳቸው ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩባቸውን ቃላት ሳንለውጥ እንመዝግብ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ብርጭቆ በቀረበልን ቁጥር «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ከማለታችን አስቀድመን «ምን ሊሆን ነው የተጠመቀው?» ብለን የመጠየቅን ልማድ እንያዝ።